አባይን ከመሻገራችሁ በፊት፦ ለኒውክሌር ሕክምና ሪፈር የተጻፈለት ሰው ምን ያድርግ?

አክስቴ የቢቸና ሰው ናት። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረ ስለሆነ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። በእኛ አገር እንቅርት ያለበት ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። የደጋው አፈር አዮዲኑን ዝናብ አጥቦ ወስዶበታል፤ እህሉም ውሃውም አዮዲን ያንሰዋል። የታይሮይድ ዕጢ ደግሞ ያችን ያለችውን ትንሽ አዮዲን ለመልቀም ሲታገል እያበጠ ይሄዳል። ኋላ ላይ ግን ልቧ ይመታባት ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ደህና እየበላች ትከሳለች፣ በሐምሌ ብርድ ላብ ያጠምቃታል። ደሟ ሲመረመር ዕጢው ከልክ በላይ ሆርሞን እያመረተ ነው ተባለ። ኪኒን ተጀመረላት። ሲሻላት፣ ተመልሶ ሲብስባት ሁለት ዓመት ሄደ፤ በመጨረሻ ሐኪሙ ለሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና አዲስ አበባ እንድትሄድ ሪፈር ጻፈላት።

ወረቀቱን ይዘን ስንወጣ የጠየቀችኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "ልጄ፣ ኒውክሌር ማለት ያ ከተማ የሚያጠፋው አይደለም ወይ?"

አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ሕክምናው ራሱ የፈጀው ደቂቃዎች ነው። ያደከመን ከዚያ በፊት ያላወቅነውና ከዚያ በኋላ ያልተዘጋጀንበት ነው። ከጎጃም ተነስቶ አባይን ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ረሳሁ ብሎ ነገ ተመልሶ የሚመጣበት ቅርብ መንገድ የለውም። ስለዚህ ያየሁትንና ባለሙያዎቹን እየጠየቅሁ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የእናንተ ሐኪም ከዚህ የተለየ ከነገራችሁ የሱን ስሙ።

መጀመሪያ፦ የተላካችሁት ለምርመራ ነው ወይስ ለሕክምና?

ይህን ሳታጣሩ ከሆስፒታሉ ግቢ አትውጡ። ስሙ አንድ ቢሆንም ነገሩ ሁለት ነው፤ ዝግጅቱም ከቤተሰብ ጋር የምትኖሩበት ሁኔታም ፈጽሞ ይለያያል።

በሁለቱም በኩል አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨረር የምትሰጥ በጣም ትንሽ ንጥረ ነገር ትወሰድና አንድ የሰውነት ክፍል ከሚወደው መድኃኒት ጋር ትጣመራለች፤ ወይም እንደ አዮዲን ራሷ የምትወደድ ትሆናለች። በደም ሥር ወይም በአፍ ትገባለች፣ ከዚያ ወደምትፈለግበት ቦታ ትሄዳለች። አጥንት የሚወደው አጥንት ላይ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ኩላሊት ውስጥ፣ አዮዲን ታይሮይድ ዕጢ ላይ ይሰበሰባል። ራጅና ሲቲ ስካን ከውጭ ጨረር ልከው በሰውነታችሁ ውስጥ ያሳልፋሉ። እዚህ ግን ጨረሩ የሚወጣው ከውስጣችሁ ነው። ጋማ ካሜራ የሚባለው ትልቁ መሣሪያ ዝም ብሎ ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክባችሁም። አክስቴ ካሜራው ሲጠጋት ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ይህን ቀድሜ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አትፈራም ነበር።

ለምርመራ በብዛት የሚያገለግለው ቴክኒሺየም የሚባለው ነው። ጉልበቱ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዛሬ ጠዋት ከተወጋችሁ ነገ ጠዋት የሚቀረው ከ16 አንድ እጅ ነው፣ ያውም በሽንት የወጣው ሳይቆጠር። የአጥንት ስካን የሚያደርሰው የጨረር መጠን ወደ 4 ሚሊሲቨርት ይጠጋል። ሰው ሁሉ ከአፈሩም ከሰማዩም ከሚበላውም በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይቀበላል። ሁለቱን አስተያዩና ፍርዱን ለራሳችሁ ስጡ።

ለሕክምና የሚሰጠው ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ቁጥሩ 131 የሆነው፣ ሌላ ነው። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጉልበቱ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 8 ቀን ነው። ዕጢው ውስጥ ተቀምጦ ጉልበቱን በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ባለ ርቀት ውስጥ ይጨርሳል፤ ለዚህ ነው የታመመውን ዕጢ እየመታ ጎረቤቱን ብዙ የማይነካው። ከዚያ በተጨማሪ ግን ከሰውነት ውጭ የሚደርስ ጨረርም አለው። ከሰው ራቁ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ሙከራም አይደለም። ሶል ኸርትዝ የሚባል ሐኪም በአሜሪካ ቦስተን ለታይሮይድ ሕመምተኛ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው።

በትልቅ ማሽን ከውጭ የሚሰጠው የካንሰር የጨረር ሕክምና ከዚህ ጋር አይደባለቅባችሁ። ክፍሉም ወረፋውም ሌላ ነው። አንድ ሰው ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ሙሉ ቀን የተሳሳተ ወረፋ ላይ ሲሰለፍ አይቻለሁ።

እንቅርት ያለበት ሁሉ ይህ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለትም አይደለም። በአዮዲን እጥረት ብቻ ያበጠ፣ ሆርሞኑ የተስተካከለ ዕጢ ሌላ መላ አለው። ይህ የሚታዘዘው በዋናነት ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ እና ለአንዳንድ የታይሮይድ ካንሰር ዓይነቶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነው።

ቀጥሎ፦ ሳትነሱ ደውሉ

በአገራችን ስሙ የታወቀው የኒውክሌር ሕክምና ክፍል አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው ነው፤ እናንተ ግን ሪፈሩ ላይ የተጻፈውን ክፍል ነው መያዝ ያለባችሁ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ቁልቁል፣ ከበረሃው ደግሞ ሽቅብ ሲባል በሽተኛ ሰው ምን እንደሚሆን የሄደ ያውቀዋል።

ለምን ደውሉ እንደምላችሁ ልንገራችሁ። ይህ መድኃኒት እንደ ሌላው ኪኒን ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። አገራችን የሚያመርተው ሪአክተር የላትም፤ ከውጭ በአውሮፕላን ይመጣል። ቴክኒሺየም የሚገኝበት እናቱ ሞሊብዲነም በ66 ሰዓት ግማሽ ይሆናል፤ ከሳምንት በላይ ብዙም አይረባም። አዮዲኑም ገና በመንገድ ላይ እያለ መቀነስ ይጀምራል። በረራ ከዘገየ ቀጠሮ ይሰረዛል፣ እናንተ ከዘገያችሁ ለእናንተ የመጣው ይከስማል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት ደውላችሁ መድኃኒቱ መግባቱን አረጋግጡ። መንገድ ከተዘጋባችሁም ወዲያው አሳውቁ፤ ያ ቀጠሮ ለሌላ ሰው ይተርፋል።

ስትደውሉ ሰዓቱን "በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑንም እንደዚያው። ጥቅምት 8 የተባለው ኦክቶበር 8 ሆኖ የተገኘበት ሰው ያጫወተኝ አለ፤ ያ ማለት የአሥር ቀን ልዩነት ነው።

የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ሪፈሩ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በደረጃ የተጻፈ መሆኑን፣ ማኅተሙም መኖሩን እዩ። በደረጃ ያልመጣ ወረቀት አዲስ አበባ ላይ ብዙ ያንከራትታል።

እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ

ይህን ማንም ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ። ለእርጉዝ ሴት ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን አይሰጥም፣ በቃ። የፅንሱ ዕጢ አዮዲኑን ለቅሞ ይጎዳል። የወር አበባሽ ቀን ካለፈ፣ እርግጠኛ ካልሆንሽ፣ አማትሽ አብራሽ ብትቀመጥም ለነርሷ ለብቻዋ ንገሪያት፤ የእርግዝና ምርመራ የሚሠራው ለዚህ ነው። የምታጠባ እናት ደግሞ አዮዲኑን ከመውሰዷ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት ማጥባት ማቆም አለባት፤ ለዚያ ልጅ ዳግም ጡት አትመልስለትም። ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ግን እንደማንኛዋም እናት ታጠባለች። ከሕክምናው በኋላ ሴቷ ለማርገዝ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት መቆየት አለባት። ወንዱም ሚስቱን ከማስረገዙ በፊት ጥቂት ወራት እንዲታገሥ ይመከራል። ስለዚህ ጉዳዩ የባልና ሚስት ነው፤ ባል ሲነገር አብሮ ይስማ።

ለምርመራ በሚሰጠው ቴክኒሺየም ማጥባት የሚቋረጠው፣ ከተቋረጠ፣ ለሰዓታት ብቻ ነው። ለስንት ሰዓት እንደሆነ መድኃኒቱን የሚወጋው ባለሙያ ይነግራችኋል። ቀድማችሁ ጡት አልባችሁ አስቀምጡ።

ወረቀት፣ መድኃኒት፣ እና እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ

አንድ ፌስታል ውስጥ ሁሉንም አድርጉ። የደም ውጤቶቹ (ቲኤስኤች እና ቲ4 የሚሉት) ከነቀናቸው፣ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ ናሙና ተወስዶ ከሆነ የፓቶሎጂ ውጤት፣ ቀዶ ሕክምና ካለ የኦፕሬሽኑ ወረቀት። የሚወሰዱትን ኪኒኖች ደግሞ በስም አትሸምድዱ፣ ከነካርቶናቸው ይዛችሁ ሂዱ።

የታይሮይድ ሆርሞን የሚቀንሰው ኪኒን ከአዮዲኑ በፊት ለጥቂት ቀናት ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ነው። ግን በራሳችሁ አታቁሙት። ቀኑን ሐኪሙ ይጻፍላችሁ። ለልብ ምት የሚሰጠው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። ሁለቱ ኪኒኖች መልካቸው ስለሚመሳሰል አክስቴ ልታምታታው ስትል ነው የደረስኩባት፤ አንዱን ካርቶን በቀይ ክር አሰርንላት።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልምጣ። ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳችን ሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ አገር ቤት አንድ ሆስፒታል "ለማንኛውም አንገቷ ይታይ" ብሎ ሲቲ ስካን አነሳት፣ በደም ሥሯ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ተሰጥቷት። እኛ ደስ አለን፣ ብዙ ምርመራ ማለት ብዙ ትኩረት መስሎን። ያ ኮንትራስት ግን አዮዲን የሞላበት ነው። ዕጢዋ በዚያ ጠግቦ ተቀመጠ። የኒውክሌር ሕክምና ክፍሉ ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው "በቅርቡ ኮንትራስት ወስዳለች?" የሚል ነበር። አዎ ስንል ፋይሉን ዘጋው። "ዕጢው አሁን የምንሰጣትን አይቀበልም፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ" አለን። ያን ቀን በረሃውን ስንወርድ አክስቴ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ስለዚህ ሪፈሩ ከተጻፈ በኋላ ማንም ሲቲ ስካን እናንሳ ቢላችሁ፣ "ለአዮዲን ሕክምና ቀጠሮ አለኝ" በሉ። ኮንትራስቱ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ያስጠብቃል። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት ከዚያም በላይ ለወራት ይቆያል። ቁስል የሚጠረግበት ቡናማው ቤታዲንም አዮዲን ነው፣ እሱንም ተናገሩ።

ጨው

ዝቅተኛ አዮዲን ያለው ምግብ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት እንድትበሉ ሊነገራችሁ ይችላል። በተለይ የካንሰር ሕክምና ላይ ያላችሁ ይህን ትባላላችሁ። ለሌሎቻችሁ ሐኪሙ ይወስን። ምክንያቱ ቀላል ነው። የተራበ ዕጢ ነው አጥብቆ የሚበላው።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ የምግብ ዝርዝር ብታዩ የማታውቁት ነገር ይበዛበታል። በእኛ ቤት ነገሩ ጨው ላይ ያልቃል። የፓኬት ጨው አዮዲን የተጨመረበት ነው። እሱን ከወጡ ታወጡታላችሁ፤ ግን በርበሬው ውስጥስ? እናቶቻችን በርበሬ ሲያዘጋጁ ጨው አብረው ነው የሚያስፈጩት። ሽሮውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ዳቦ ቤት የሚጋገረው ዳቦ ጨው አለው። እንጀራ ግን የለውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ አስቀድማችሁ አንድ ኪሎ ሽሮና ግማሽ ኪሎ በርበሬ ያለ ጨው አስፈጩ። ከዚያ ድንች ቅቅል፣ ጎመን፣ ምስር፣ ያ ሽሮ፣ በእንጀራ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ሲገባበት ጨው አልባነቱ ያን ያህል አይከብድም፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ አክስቴ ማማረር ትታለች።

ወተት፣ አይብ፣ ዕንቁላል ይቀራሉ። ልብ ካላችሁ ይህ የጾም ምግብ ነው። ቀጠሯችሁ ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ላይ ከዋለ ከግማሽ በላይ ተዘጋጅታችኋል። የጣና ዓሣ የሐይቅ እንጂ የባሕር ስላልሆነ እምብዛም አያሰጋም፤ የሚያሳስበው የሚነሰነስበት ጨው ነው።

አደራ የምለው ግን አለ። ይህ የታማሚው ብቻ ነው። ለልጆቹና ለነፍሰ ጡሮቹ አዮዲን ያለው ጨው አታቋርጡባቸው፣ ድስቱን ለዩ እንጂ። ሕክምናው አልቆ ሐኪሙ ሲፈቅድ ታማሚውም ይመለስበታል። አንገታችን ላይ ያን እንቅርት ያመጣው የአዮዲን እጦት መሆኑን አንርሳ።

ለምርመራ ብቻ ከሆነ የምትሄዱት

ይህ ቀላል ነው፣ ቶሎ ልለፈው። ለአጥንት ስካን መጾም አያስፈልግም። ትወጋላችሁ፣ ከዚያ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ መድኃኒቱ አጥንት ላይ እስኪቀመጥ። በዚያ መሃል ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ደጋግማችሁ ሽኑ፤ ካሜራው ሥር ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ እንደገና ሽኑ፣ ፊኛ ውስጥ የቀረ ሽንት ምስሉን ያበላሻል። ለታይሮይድ ስካን ከመርፌው በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ለልብ ምርመራ የምትላኩ ካላችሁ ቡና ከቀኑ በፊት ለ24 ሰዓት እንድትተዉ ልትባሉ ትችላላችሁ፤ ሻይም፣ ኮካም ይቆጠራል።

ካሜራው ሥር ዝም ብሎ መተኛት ነው ሥራው። አንገታቸው ላይ ማተብ ከነመስቀሉ ያሰሩ፣ ብረቱ ጥላ እንዳይጥል ወደ ጎን እንዲያደርጉት ወይም እንዲያወልቁት ሊጠየቁ ይችላሉ። ቅር እንዳይላችሁ፣ ቀድማችሁ አስቡበት። ሲያልቅ ተነስታችሁ ምሳ መብላት ትችላላችሁ። ለቀሪው ቀን ብቻ ሕፃን አትቀፉ።

አዮዲኑ የሚወሰድበት ቀን

ከጥቂት ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብ አትበሉም፤ ክፍሉ ሰዓቱን ይነግራችኋል። የጾም ቀን ከሆነ ችግር የለም፤ ከዋጣችሁ በኋላ ግን ውሃ በብዛት መጠጣት ግዴታ ስለሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ባለሙያው ትንሽ ግን ከባድ የእርሳስ ዕቃ ይዞ መጣ። ክዳኑን ሲከፍተው ውስጡ አንድ ተራ እንክብል ነበር፤ ከአሞክሳሲሊን ብዙም አይለይም። አክስቴ በእጇ አልነካችውም። ከዕቃው በቀጥታ ወደ አፏ ገለበጠችው፣ በውሃ ዋጠችው፣ አማተበች። ይኸው ነው። መሮጥ የለ፣ መቃጠል የለ፣ ጠጉርም አይረግፍም። አንዳንዱ ጋር በፈሳሽ መልክ ይሰጣል።

ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ። አንደኛው የተሰጣችሁ መጠንና ቀን ነው። ዕጢው ከልክ በላይ ለሚሠራበት ሰው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊኪዩሪ ነው፣ ለካንሰር ከ30 ጀምሮ ከ100 በላይም ይሄዳል፤ ከፍ ያለው ከሆነ ለብቻ ክፍል ሊያስተኟችሁ ይችላሉ። ሁለተኛው ከማን ለስንት ቀን መራቅ እንዳለባችሁ ነው። "ለተወሰነ ቀን" የሚል መልስ አትቀበሉ። "ከልጅ ለስንት ቀን? ከባሌ ጋር ለስንት ሌሊት? አውቶቡስ ላይ ለስንት ሰዓት?" ብላችሁ ቁጥሩን አስጽፉ። ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ለጥቂት ቀናት፣ ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር ግን እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ይደርሳል።

የመመለሻው መንገድ

ብዙ ሰው የማያስበው ይህን ነው። በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ጎጃም መመለስ ማለት ከማያውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ለሰዓታት መቀመጥ ነው። ያ ሰው ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች። ሕፃን ያዘለች ልትሆንም ትችላለች። በእንክብሉ ውስጥ ካለው አብዛኛው ትርፍ በሽንት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ስለሆነ፣ ከተቻለ እነዚያን ቀናት አዲስ አበባ ቆዩ። ዘመድ ቤት ከሆነ ትንሽ ልጅ የሌለበት ቤት ምረጡ፣ ለብቻ የምትተኙበት ክፍል ያለው። ፔንሲዮን ለመያዝ ካሰባችሁ የሕክምና ክፍሉን ቀድማችሁ አማክሩ፣ የሚያጸዱትም ሰዎች ናቸውና።

እኛ ሁለት ሌሊት ቆይተን ስንመለስ ሁለት ወንበር ከፍለን አጠገቧ ባዶ ቦታ ተውን። እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ገንዘቡ ቢከብድም ያልቆጨኝ ወጪ ያ ነው። በአውሮፕላን ወደ ባሕር ዳር የምትመለሱ ደግሞ የሕክምና ካርዳችሁን እጃችሁ ላይ ያዙ። አንዳንድ ኤርፖርት ጨረር የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ከሳምንታት በኋላም ሊጮህ ይችላል።

ቤት ስትደርሱ

በከተማ ለተሠራ ቤት የተጻፈ መመሪያ "የራስዎን መጸዳጃ ይጠቀሙ፣ ሁለት ጊዜ ውሃ ይልቀቁ" ይላል። በገጠር ቤት እንዲህ አድርጉት።

ለመኝታ፣ ለብቻ ክፍል ካለ እሱ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ልጆቹን ወደ አያታቸው ወይም ወደ አጎታቸው ቤት መስደድ ይሻላል፣ ታማሚውን ከማንከራተት። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ነው መጨረስ ያለባችሁ፤ ተመልሳችሁ በር ላይ ቆማችሁ አይደለም። አክስቴ ሦስት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጅ አለቻት፣ ከጉያዋ የማትለይ። የአክስቴ ባል ሁለት ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጦ በረንዳው ላይ አጋደመው። "ከዚህ ወዲያ እማማ ናት፣ ከዚህ ወዲህ አንቺ ነሽ" አላት። ሕፃኗ አጣናው ላይ ቁጭ ብላ ከአያቷ ጋር ስታወራ ትውላለች። የመጀመሪያ ቀን አልቅሳለች። ከዚያ ለመደችው። ለሁላችንም የገባን ሜትር የምትለው ቃል ሳትሆን ያ አጣና ነው።

ሽንት ቤቱ የጉድጓድ ቢሆን ችግር የለውም። ወንዱም ቁጭ ብሎ ይሽና፣ እንዳይረጭ። በኋላ በጆግ ውሃ አፍስሱበት፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሜዳ ላይ፣ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ዳር አይሆንም። ልብስና አንሶላ ለብቻ ይታጠቡ፤ ከታጠቡ በኋላ ተራ ልብስ ናቸው፣ ማቃጠል አያስፈልግም።

ማዕድ ለብቻ። ለጥቂት ቀን ጉርሻ የለም፣ ከአንድ ብርጭቆ መጠጣት የለም፣ መሳሳምም የለም። ለጎጃም ሰው ይህ ከመድኃኒቱ ይከብዳል። "እግዜር ይማርሽ" ለማለት የሚመጣው ጎረቤት ደግሞ ቤት ይሞላል። መመለሳችሁን ሳታወሩ አንድ ሳምንት ቆዩ፣ ወይም ወንበር ደጅ አውጡላቸውና ታማሚው ከራቅ ያለ ቦታ ሆኖ ያናግራቸው። ጠበልም ቢሆን ሰው ተጋፍቶ የሚቆምበት ስለሆነ ቀኑ እስኪያልፍ ይቆይ። የጠበሉን ውሃ ቤት አምጥቶ መጠጣት ይቻላል፤ እንዲያውም ውሃ በብዛት ጠጡ ነው የተባለው።

እባካችሁ ይህን ሁሉ ስታደርጉ ሰውየውን እንደ ገዳይ አታዩት። ጨረሩ እንደ ጉንፋን ከሰው ሰው አይተላለፍም፤ ርቀትና ቀን ብቻ ነው የሚፈልገው። በ80 ቀን ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይቀርም። አንዲት እናት ከሕክምና ስትመለስ ባሏ ለወራት ሳይጠጋት እንደኖረ ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። ማንም ቁጥሩን አልነገረውም ነበር።

አንገት ላይ ትንሽ ሕመም፣ የምራቅ ዕጢ ማበጥ፣ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ሊመጣ ይችላል። ሎሚ ወይም ኮምጣጣ ከረሜላ መቼ እንደሚጀመር ክፍሉን ጠይቁ። የልብ ምት በጣም ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ዓይን እየወጣና እየቀላ ከሄደ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ፣ ያን ወረቀት ይዛችሁ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ይተው፤ ከታይሮይድ ጋር የሚመጣውን የዓይን ሕመም ያብሰዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ

መድኃኒቱ በማግስቱ አይሠራም። ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። "ምንም አልለወጠኝም" ብሎ በወሩ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ የሆርሞን ምርመራ ይጀመራል። ለዚህ አዲስ አበባ መመላለስ ግድ አይደለም፤ የደም ምርመራው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ይሠራል። ሐኪማችሁ ክትትሉን በቅርብ እንዲያደርግላችሁ በወረቀት ጠይቁ።

አብዛኛው ሰው በመጨረሻ ሆርሞኑ ያንሰዋል። ይህ የሕክምናው ስህተት አይደለም፣ የሚጠበቅ ነው። አክስቴ በአራተኛው ወር ይበርዳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላት፣ ሰውነቷ ይከብዳት ጀመር። ቤተሰቡ "ተሻላት፣ ወፈረች" ብሎ ደስ ሲለው እኔ ደም እንድትሰጥ ወሰድኳት። ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ያነሰውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን ተጀመረላት፤ በቀን አንድ፣ ዕድሜ ልክ። ይህን ኪኒን "ድኛለሁ" ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

ኪኒኑ የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው። ከምግብ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ፣ በውሃ ብቻ። ቡና ከሱ ጋር ከተጠጣ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ለአክስቴ ቡናውን አስቀድሚ ወይም አዘግዪ ማለት የማይታሰብ ነበር፣ ሰዓትም አታይም። ስለዚህ ራሷ መላ አመጣች። ኪኒኑ ከቡና ምጣዱ ጎን ይቀመጣል። ምጣዱን ስትጥድ ትውጠዋለች። ከዚያ ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይንተከተካል፤ አቦሉ ሲቀዳ ሰዓቱ ሞልቷል።